ከቋጥኙ ጀርባ ያለች ቦታ

«አሁንስ? እታያለሁ?» አለች ላባ ከቋጥኙ ጀርባ ሆና።

«ክንድሽ ይታያል» አለች ሜትር ከላይ፣ ከመጨረሻው መቀመጫ።

«አሁንስ?»

«ፀጉርሽ ብቻ።»

ላባ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ሜትር ከዓይኗ ሥር እስከ መድረኩ የወጠረችውን ሲባጎ በሁለት ጣቷ ይዛ ጠበቀች። ሲባጎው የቋጥኙን ጫፍ ታክኮ ቆመ። ከቋጥኙ ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ዛፍ እንጂ ሰው አይታይም።

«ጠፋሽ» አለች።

የላባ ሳቅ ከጀርባ ተሰማ። «አገኘነዋ።»

«አገኘነዋ» አለች ከሥር የቆመችውም። ይቺኛዋን ማሚቶ ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ላባ ያለችውን ካልደገመች የዋለች አይመስላትም።

ሲፈልጉ የዋሉት አንድ ሰው ቆሞ ቢደንስ ከየትኛውም መቀመጫ የማይታይበትን ቦታ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ከተሰነጠቀ ወዲህ የዳንስ ክበቡ መድረክ አልነበረውም። ከግቢው ጀርባ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ያሰቡት መምህሯ ናቸው። ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር። ፈላጮቹ ከሄዱ በኋላ ሣር ወረሰው፤ ዙሪያውን ዛፍ ከበበው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ መዶሻ ያልበገረው አንድ ቋጥኝ ቀረ። መምህሯ ክበቡን ይዘው ወረዱና፣ «ዛፍ አይቆረጥም፤ ቋጥኙም አይነካም። ከዚህ ሁሉ ጋር ተስማምቶ የሚኖር የዳንስ ቲያትር ንድፍ የሚያወጣልኝ ማነው?» አሉ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ከኋላ አንዲት እጅ ወጣች።

ሜትር የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት የእናቷን መለኪያ አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ረስታ ክፍል የገባች ቀን ነው። ለመሳለቂያ የወጣ ስም ነበር። በእረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን የምትበላ፣ ብቻዋን ለመሆኗም ምክንያት የምትፈጥር ልጅ ነበረች፤ አንዴ የቤት ሥራ፣ አንዴ ራስ ምታት።

ንድፉን ስታመጣ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። ተዳፋቱን እንደ ደረጃ አስቆርጣ መቀመጫ አደረገችው። «ዳንስ እግር ነው» አለች። «ከኋላ የተቀመጠ ሰው የዳንሰኛዋን ቁርጭምጭሚት ካላየ መቀመጫው መቀመጫ አይባልም።» ስለዚህ በየደረጃው እየተቀመጠች ሲባጎ ወጠረች፤ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት የሚከልል ከሆነ የኋለኛውን ደረጃ አፈር አስሞልታ ከፍ አደረገችው። ቋጥኙን ደግሞ ዳንሰኞቹ ከጀርባው ብቅ የሚሉበት በር አደረገችው፤ መጋረጃ አላስፈለገም። መምህሯ ንድፉን ደጋግመው አይተው፣ «ይሄ ጭንቅላት እስከዛሬ የት ተደብቆ ነው?» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላባ በእረፍት ሰዓት አጠገቧ ቦታ ትይዝላት ጀመር።

ላባ የክበቡ ቁንጮ ናት። ስትዘል መሬት የምትጠራት አይመስልም። ምላሷ ግን ላባ አልነበረም።

ከክበቡ አንዲት ልጅ ሁልጊዜ ከሙዚቃው ግማሽ ምት ትዘገያለች። ሌሎቹ እጃቸውን ሲያወርዱ እሷ ገና ታነሳለች። «ቡድኑ ሊበር ሲል ፍሬን የምትይዝብን እሷ ናት» አለች ላባ አንድ ቀን፤ ክበቡ በሳቅ ወደቀ፤ ልጅቷም አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ፍሬን ሆና ቀረች። ላባ ፍሬን ከዝግጅቱ እንድትወጣ ወትውታ ነበር። መምህሯ ግን «በክበቡ ያለ ሁሉ ይደንሳል» ብለው ወሬውን ቆረጡት።

«ይደንሳል አሉ አይደል?» አለች ላባ አሁን፣ ሣሩን ከቀሚሷ እያራገፈች ወደ ሜትር ስትወጣ። «ትደንሳ። ማን ያያታል?»

«ቲቸር ቢጠይቁስ?»

«የቋጥኙ ነፍስ ናት እንላለን። ትሰማለች እንጂ አትታይም፣ ምናምን። ቲቸር እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።»

«ሲሞቱለት» አለች ማሚቶ።

ሜትር ሲባጎዋን መጠቅለል ጀመረች። «ከላይ በግራ በኩል ካሉት መቀመጫዎች ግን ትታያለች። ቋጥኙ በዚያ በኩል ሰላላ ነው።»

«ዝጊያቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«አፈሩ ይናዳል በይ። አንቺ ይናዳል ካልሽ ማን ይከራከርሻል? ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

በዚያ በኩል ያለው አፈር ከሁሉም የጠነከረ ነበር። ሜትር ራሷ ዘላበት ሞክራዋለች። ዝም አለች። ላባ ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ ሜትርም አላረመቻትም።

በማግስቱ ለመምህሯ ነገረቻቸው። መምህሯ ወደ ተዳፋቱ ወጥተው እንኳ አላዩም። «ቀድመሽ ማየትሽ ጎበዝ። የሰው እግር ከሚሰበር መቀመጫው ይቅር» አሉና ገመድ አሳጠሩበት። ፍሬን አዲሱን ቦታዋን ሲያሳዩዋት ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ወደ ሜትር ዞር ብላ፣ «ከዚህ ሆኜ እታያለሁ?» አለቻት።

«ከላይ ላሉት ትታያለሽ» አለች ሜትር። ከላይ ማን እንደሚቀመጥ አልተናገረችም።

ያን ቀን ማታ ራት ላይ ሁለቴ አስጨመረች። እናቷ መርፌ ቁልፎች በከንፈሯ ይዛ የአንድ ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች።

«ዛሬም ከጓደኞችሽ ጋር ዋልሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ ልጆች ናቸው?»

«ጥሩ ናቸው።»

እናቷ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አውጥታ ቀና ብላ አየቻት። የምትለው ያለ መሰለ። ከዚያ መልሳ በከንፈሯ ያዘቻቸውና ወደ ጠርዙ ጎነበሰች።

የመጨረሻው ልምምድ የዋለው በዝግጅቱ ዋዜማ ነበር። ሜትር ገመዱ ላልቶ ስታይ ልታጠብቀው ወደ ተዘጉት መቀመጫዎች ወጣች። ሙዚቃው ተጀመረ። ከፊት ላባና ሌሎቹ ይዘላሉ። ከዚያ፣ ከቋጥኙ ሰላላ ጎን፣ ፍሬንን አየቻት።

አትዘገይም። ሜትር መጀመሪያ የተሳሳተች መሰላት። ከበሮው ሲመታ የፍሬን ተረከዝ እኩል ያርፋል፤ ሲተነፍስ እኩል ይነሳል። ለካ የሚያዘገያት ሌሎቹን ማየቷ ነበር፤ እጃቸውን እስኪያነሱ ጠብቃ ነበር የምታነሳው። እዚያ ማንንም ስለማታይ ማንንም አትጠብቅም። ብቻዋን፣ ሣር ላይ፣ ግንባሯን እንኳ ሳታጨማድድ ትደንሳለች።

ሜትር የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ላባ ሮጠች። ላባ ከማሚቶ ጋር ተቀምጣ ውኃ ትጠጣለች።

«አልዘገየችም» አለች ሜትር።

«ማን?»

«ፍሬን ናታ። ከላይ ሆኜ አየኋት። አንድም ቦታ አልዘገየችም። ማንንም ሳታይ ስትደንስ ልክ ናት። ስለዚህ ወደፊት ብናመጣት፣ ከሁላችሁም ፊት ብትቆም...»

ላባ ውኃዋን ጨርሳ ክዳኑን ቀስ ብላ አጠበቀች። «ስሚ ሜትሬ። ስለምትዘገይ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«እኔ እንጃ። ደስ አትለኝም። ለሁሉ ነገር የግድ ምክንያት አለው እንዴ?» ላባ ፈገግ አለች። በእውነት ቆንጆ ፈገግታ ነበር። «አንቺንም እኮ ድሮ ደስ አትዪኝም ነበር። አሁን ደስ ትዪኛለሽ። እንዲሁ ነው።»

ማሚቶ ሳቀች። ያን ጊዜ ግን የሰማችውን አልደገመችም።

ሁሉም ወጥቶ ሲሄድ ሜትር ደረጃዎቹን ልታስተካክል ቀረች። ፍሬንም ቀርታ ከታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። ሜትር ሁለት ጊዜ አልፋት ሄደች፤ በሦስተኛው ቆመች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ቦታዬ እንደማይታይ?» አለች ፍሬን ቀና ሳትል።

ሜትር «ማን ነገረሽ?» አለች።

«ማን ይነግረኛል? ድንጋይ እኮ ነው። እኔን ከሰው ከከለለ፣ ሰውንም ከእኔ ከልሏል። እዚያ ቆሜ አንድ መቀመጫ አይታየኝም። ከገመዱ ወዲያ ያሉት ብቻ ናቸው የሚታዩኝ።» ማሰሪያዋን ሳብ አድርጋ ቋጠረች። «ያን ሁሉ ሲባጎ ስትወጥሪ ይቺን አላሰብሻትም?»

አላሰበቻትም። ሲባጎ ሁለት ጫፍ እንዳለው ልብ ሳትል ነው የከረመችው፤ በአንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ራሷ ነበረች።

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«መቼ እንደምትነግሪኝ ልይ ብዬ።» አሁን ቀና አለች። አላለቀሰችም፤ የተቆጣችም አትመስልም። «ጠዋት ጠዋት ሰላም ትዪኛለሽ። ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። ብርዱ እንዴት ነው ትዪኝና ትሄጃለሽ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፍሬን ይቅርታውን እንዳልሰማች አለፈችው። «እናቴ ነገ ትመጣለች። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ ለነገ ብላ ፈረቃ ቀይራለች። የት ትቀመጥ?»

ነፋሱ ዛፎቹን አንሿሿቸው። 

«ነገ ቦታ የምታሲዢው አንቺ ነሽ አሉ» አለች ፍሬን ቦርሳዋን አንግታ ስትነሳ። «አስቢበት። ብቻ የትም አስቀምጫት የት፣ ከነገ በኋላ አታናግሪኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎድጓዳው ቦታ በሰው ሞላ። አባቶች ስልካቸውን ለፎቶ አዘጋጁ፤ ሕፃናት ደረጃ ለደረጃ ይንከባለላሉ። «የማን ልጅ ናት ይሄን የሠራችው?» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ይሰማል። ሜትር መግቢያው ላይ ቆማ እንግዳ ታስተናግዳለች። ላባ ለብሳና ተኩላ በአጠገቧ ስታልፍ ክንዷን ቆነጠጥ አደረገቻት።

«የእሷ እናት ስትመጣ ከፊት፣ መሐል ላይ አስቀምጫት። አክብረሽ። እሺ ሜትሬ?»

«ለምን ከፊት?»

«ከፊት ተቀምጣ ስትፈልጋት ማየት አያምርም?»

ከኋላዋ ያለችው ማሚቶ እንኳ ለዚህ የሚመልስ ሳቅ ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

እናትየው ዘግይተው መጡ፤ ዳገቱን ሲሮጡ የመጡ ይመስላሉ። ነጠላ ጫማቸው ውስጥ ካልሲ አድርገዋል። የእጃቸው ቆዳ ከሳሙና ብዛት ነጥቶ ተጨማዷል። ፈገግታቸው የልጃቸው ነው።

«አመለጠኝ እንዴ ልጄ? የኔዋ ወጣች?»

«ገና ነው እማማ።»

«ተመስገን። የትም ብሆን ግድ የለኝም፤ ቆሜም አያለሁ።»

ከፊት፣ መሐል ላይ፣ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። ያማረ ቦታ። «እዚያ ይቀመጡ» ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሴትየዋ መርቀዋት ይቀመጡ ነበር። ከቋጥኙ ጎን የላባ ፊት ብቅ ብሎ ይጠብቃል። ነገ የእረፍት ሰዓት አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ፤ ምሳ ዕቃ አለ፤ ጉልበት አለ። ሜትር ይሄን ሁሉ አየችው።

«ይከተሉኝ» አለች። ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ወጣች።

«ከፊት ባዶ ቦታ ያለ መሰለኝ» አሉ እናትየው እያለከለኩ።

«ከፊት አይታይም።»

ገመዱን ከፍ አድርጋ አሳለፈቻቸው። ያን ጊዜ መምህሯ ከታች በድምፅ ማጉያው፣ «እዚያ አይቀመጥም! ይናዳል ያልሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ?» አሉ። ከዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ።

«አይናድም» አለች ሜትር። ድምፅዋ ታች አልደረሰም፤ ደገመችው። «አይናድም ቲቸር። ዋሽቼ ነው።»

መምህሯ ማጉያውን ከአፋቸው አወረዱ። «ለምን?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ነገር ግን እዚያ ብትናገረው የሚወጋው አጠገቧ የቆሙትን ሴት ነው።

«ሲያልቅ መጥቼ እነግርዎታለሁ። ሁሉንም።»

መምህሯ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እንደ ሌላው ጊዜ ጎበዝ የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። ከዚያ ለሙዚቃው ምልክት ሊሰጡ ዞሩ።

ከቋጥኙ ጎን ላባ ቀና አለች። ሜትር ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ቢያንስ ግልምጫ። የላባ ዓይን በተቀመጡት መሐል እየቆጠረ መጣና ሜትር ያለችበት ሲደርስ ባዶ ቦታ እንዳየ ሁሉ ሳይቆም አለፈ።

«ምን ተፈጠረ ልጄ? ችግር አመጣሁብሽ?» አሉ እናትየው።

«ኧረ ምንም የለም።» ሜትር የደረጃውን አፈር በእጇ ጠርጋላቸው አስቀመጠቻቸው፤ ራሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። ከታች ፍሬን ከዛፎቹ መሐል ወጥታ ቦታዋን ያዘች። ወደ ላይ አላየችም።

«ከዚህ ትታየኛለች ግን?»

ሜትር ጎንበስ ብላ ከእሳቸው ትከሻ ጋር ተስተካከለች፤ ከቋጥኙ ጠርዝ እስከ ሣሩ፣ ከሣሩ እስከ ልጅቷ እግር በዓይኗ ለካች።

«ትታያለች» አለች። «ብቻ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ ይበሉ።»