ሁለት ጊዜ ተደወለ

ላታምኑኝ ትችላላችሁ። በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም አላምንም ነበር። የደረሰው ግን በእኔ በሬጅናልድ ላይ ነው፤ ኢስትቦርን ከተማ፣ በኅዳር፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ።

ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪክ ባቡር ነድቻለሁ። ሠራተኛውን ጠዋት ለንደን አድርሶ ማታ የሚመልሰውን፣ በሩን ተሳፋሪው ራሱ በእጁ ጓ አድርጎ የሚዘጋውን የድሮውን ዓይነት።

ሕጉ አንድ ነው። ተቆጣጣሪው ከኋላ ሆኖ በሮቹ መዘጋታቸውን ያይና ሹፌሩ ክፍል ያለውን ደወል ሁለት ጊዜ ይደውላል። ሁለት ካልሰማህ አትነቃነቅም።

አንድ ቀን ሳልሰማ ነዳሁ። ቸኩዬ ነበር...

አንድ እግሯን ያስገባች ሴት ወድቃ ሞተች።

ሲጠይቁኝ "ሁለት ጊዜ ተደወለ" አልኩ።

ተቆጣጣሪው ዴዝመንድ ተባረረ። ሲሄድ ጆሮዬ ሥር መጣ።

"ሬጅ... እንዳልደወልኩ ታውቃለህ።"

ፊቴን አዞርኩ።

"ግድ የለም። አንድ ቀን እደውልልሃለሁ።"

በዓመቱ ሞተ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሙት አይመሰክርም ብዬ እፎይ አልኩ።

ባቡሮቹም ጊዜያቸው አለፈና እየተቆራረጡ ለብረት ተሸጡ። ጡረታ በወጣሁ ቀን ጓደኞቼ፣ እንደ ልማዳችን፣ ከባቡሬ ላይ የፈቱትን ዕቃ በካርቶን አሽገው ሰጡኝ።

ደወሉን።

"ሚስትህ ስትፈልግህ ትደውልብሃለች" ብለው ሳቁብኝ።

ሽቦው ተቆርጧል። ሲቆርጡት አይቻለሁ።

ካርቶኑን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ከባለቤቴ ከዊኒ ጋር ወደ ቤት ተነሳን። መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት ገባች። ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኳት። ተመልሳ በሩን ከፈተች... አንድ እግሯን አስገባች...

ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ተደወለ።

እግሬ እኔን አላማከረኝም። ሠላሳ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ መኪናው ተፈተለከ።

ሆስፒታል ውስጥ እጄን ይዛ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ሬጅ... ከኋላ የነበረው ሰውዬ ማነው?"

"ማንም አልነበረም፣ የኔ ፍቅር።"

"ነበረ እንጂ... እኔን እያየ ነው የደወለው።"

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሌሊቱን አላደረችም።

ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ ፊቴ ተቀመጠ። "በሩ ሳይዘጋ ለምን ነዱ?"

ሌላ መልስ ፈለግኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈለግኩ።

"ሁለት ጊዜ... ተደወለ።"

መጻፉን አቆመና አየኝ።

መኪናውን አብረን ከፈትን። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው፤ ፕላስተሩ አልተነካም።

ከካርቶኑ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ግን... ቀበቶው ታስሯል።