የጋሽ ቀስበል የመጨረሻ ብሎን

መርማሪዋ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ሰውየውን ገና ከሥር አላወጡትም ነበር። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ ስቴሽን ዋገን የፊት ጎማዎቿ ወልቀው በግንባሯ ተደፍታለች። ከሥሯ ዘይት የጠገበ ሰማያዊ ቱታ ይታያል። ሟቹ በቀኝ እጁ መፍቻ እንደጨበጠ ነው፤ የብረት መደገፊያው ደግሞ ከጎኑ ተገልብጦ ወድቋል።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነበር። ደንበኛ ባጣደፈው ቁጥር «ቀስ በል፤ መኪና እየሠራሁ እንጂ እንቁላል እየጠበስኩ አይደለም» ስለሚል ጋሽ ቀስበል አሉት፤ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ከዚያ ወዲህ ተረሳ።

«አደጋ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይም ደግሞ… ሴት ልጁን መኪና ገጭቶ ገድሎ ካመለጠ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ያወራል ይላሉ። ምናልባት ራሱ ፈልጎ ይሆናል።»

ዝቅ ያለ ድምፅ ሩቅ ይሰማል። የሟቹ ሚስት ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣችና የመርማሪዋን እጅጌ ያዘች።

«ሁሉም እንዲሁ እያለ ነው» አለች። «እኔን ብቻዬን ትቶ ወደ ልጁ ሄደ ይላሉ። እውነት ከሆነ ንገሪኝ። ካልሆነም ንገሪኝ። ብቻ አታድበስብሺብኝ፣ እህቴ።»

መርማሪዋ በሥራ ቦታዋ «እስቲ እንደገና» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ የማስደገም አመል አላት። ለዚህች ሴት ግን ምንም አላስደገመቻትም። «እነግርዎታለሁ» አለቻት፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከበዳት።

አስከሬኑን ያገኘው የሚስትየው ወንድም ነበር። ከሟቹ ጋር አብሮ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ስለሚጣደፍ ቱርቦ ይሉታል። ጋራዡ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ምድጃ እያለ ጃኬቱን አላወለቀም፤ ቀኝ እጁም ከኪሱ አልወጣም።

«ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነበር» አለ። «ስመለስ ይሄን አገኘሁ።»

«ምን እየሠራ ነበር?»

«የቀያሹን መኪና ከፍ እያደረጋት። ሰውየው መሬት ሊለካ ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚዞረው፤ ሆዷ እየተጋጨ አስቸገረው። መኪናዋን የተሸከሙትን አሮጌ ሞላዎች አውጥቶ ረጃጅሞቹን አስገባ። የቀረው የብራቾውን ብሎኖች ማጥበቅ ብቻ ነበር። ብራቾ ማለት ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው። እሱን ሲያጠብቅ ወረደችበት።»

«እስቲ እንደገና። ጎማዎቿ ወልቀው፣ እሷ ተንጠልጥላ፣ እሱ ከሥር ሆኖ እያጠበቀ?»

«አዎ እንጂ! ታዲያ ሌላ እንዴት ይሆናል?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ከጋራዡ ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ደጅ አውጥታ ትሰፋለች። ጋራዡ ጭስ ይለቅብኛል ብላ ከጋሽ ቀስበል ጋር ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ ዛሬ ግን ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ለፖሊሱ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ» አለች። «አንቺም ትስቂያለሽ፣ ልጄ።»

«አልስቅም፣ እማማ።»

«የልጅቷን ደወል ሰማሁ።»

«የየትኛዋን ልጅ?»

«የሞተችውን! የብስክሌቷን ደወል፤ በዝናቡ ወራት ከተገጨች ዕለት ጀምሮ የጠፋውን። ከሱቅ የተገዛ ደወል ቅጭል ብሎ ይቀራል። የሷን አባቷ ነው ከነሐስ በቶርኖ ቀርጾ የሠራላት፤ ዘለግ አድርጎ ያዜማል። በዚህ በር ስትወጣ ስትገባ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እንዴት እሳሳታለሁ? ዛሬ ከሰዓት ከጋራዡ ውስጥ ጮኸ። አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ጋሽ ቀስበል አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ ፀጉሬ ቆመ።»

«ከዚያስ?»

«ቱርቦን ሲጠራ ሰማሁ። መልስ አልሰማሁም። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ቆይቶ ቆይቶ ክሪኩ መኪና ሲያነሳ ሲንቋቋ ሰማሁ። ‹እሰይ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በረታ› ብዬ ደስ አለኝ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ለካ አልበረታም።»

«ሰው ሲገባ አይተዋል?»

«በዚህ በር ማንም አልገባም። የጓሮውን በር እኔ አላየውም።»

ማታ መርማሪዋ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በመናፍስት አታምንም። ሆኖም አሮጊቷ እንደማትዋሽ በሚገባ አውቃለች፤ ደወሉ ጮኋል። የሞተ ሰው ደወል የሚደውል ከሆነ የሷ ሥራ አበቃ። የማይደውል ከሆነ ግን ደወሉ በእውን እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ቀያሹን አስጠራችው። ረጅም፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ሰው ነው፤ ገና ሳይጠየቅ መናዘዝ ጀመረ።

«ትናንት ጠዋት ተቀያይመናል። ‹ቶሎ በልልኝ› ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ሆኖ ቀረ።»

«ምን መለሰልህ?»

«የተለመደውን። ‹መኪናዋ በእግሯ ሳትቆም የብራቾ ብሎን አላጠብቅም› አለኝ። ‹ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ አለ። ተንጠልጥላ ካሰርኩት፣ ስትቆም ይጠማዘዛል፤ ተጠማዝዞ ይኖርና በአጭር ጊዜ ይበጣጠሳል። መጀመሪያ መሬት ትርገጥ፣ ክብደቷን ትቀበል፣ ከዚያ አስራታለሁ። ይህን ስል የሚስቅብኝ አለ፤ ይሳቅ› አለ።»

«መኪናዋን ከያዝካት ቆየህ?»

«አምስት ዓመት። ከሌላ ጋራዥ ወስጃት አላውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት በዝናቡ ወራት ሐሞቴን ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ ለፍሬን ትቻት ነበር። ስወጣ የፊት መብራቷን ሳይቀር አዲስ አድርገው መለሱልኝ፤ ሳልጠይቃቸው! እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ።»

«እስቲ እንደገና» አለች መርማሪዋ፤ ቀያሹም ግራ እየተጋባ ደገመላት።

ወደ ጋራዡ ተመልሳ ብቻዋን ገባች። መኪናዋ አሁን በመደገፊያ ላይ ተነስታ ተንጠልጥላለች። ግድግዳው ላይ የልጅ ብስክሌት ተሰቅሏል፤ የፊት ጎማው የታጠፈ፣ መሪው ላይ ደወል የነበረበት ቦታ ባዶውን የቀረ። ከሱ በታች የአባትየው ወንበር አለ። እዚህ ተቀምጦ ነበር ብቻውን የሚያወራው። መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ላይ አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያወራ የነበረው ብቻውን አልነበረም፣ አለች ለራሷ።

ከዚያ ባትሪዋን አበራችና ከመኪናዋ ሥር አጎንብሳ ገባች። ሁሉም የብራቾ ብሎን ላይ ቀጭን ቢጫ የቀለም መስመር ተሰምሯል። የቀኙ ጎማ የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የግራው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፕላስቲኩ የሚሸፍነውን ጎድጓዳ በእጇ ዳበሰች። ዕድሜ ያደረቀው ጭቃ ተለጥፎበታል፤ በጭቃው መሐል ደግሞ ንጹሕ፣ ክብ፣ የሎሚ ግማሽ የምታክል ጉድጓድ አለች። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር በቅርቡ ተነቅሎ ወጥቷል። መርማሪዋ እጇን ቶሎ መለሰችው።

ሲመሽ ሁሉንም እዚያው ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ የባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቱርቦ ከኋላዋ፣ ቀያሹ በሩ አጠገብ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ የራሷን በርጩማ ይዛ መጣች። ፖሊሱ ክሪኩ አጠገብ ነበር።

«ሐኪሙ ደረቱ እንደ ደቀቀ፣ ማጅራቱም እንደ ቆሰለ ነግሮኛል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የማጅራቱን ሲሚንቶው አድርጎት ሊሆን ይችላል አለ። ስለዚህ አስከሬኑ ብዙ አልነገረኝም። የነገረችኝ መኪናዋ ናት። እነዚህን ቢጫ መስመሮች ማን ነው የሚያሰምራቸው?»

«ባሌ ነው» አለች ሚስቲቱ። «አጥብቆ የጨረሰውን ብሎን ቀለም ይቀባዋል። ያልጨረሰውን አይቀባም።»

«ስለዚህ ትናንት እነዚህ ብሎኖች ጠብቀው አልቀዋል። ታዲያ መፍቻው እጁ ላይ ምን ይሠራል? እሺ፣ ላስቲኩን እዩት። አሁን ተንጠልጥላ ሳለች ወደ ታች ተጠማዝዟል።» ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ጎማዎቹን አስሮ፣ መደገፊያዎቹን አውጥቶ፣ መኪናዋን ቀስ እያለ አወረዳት። አሮጌዋ መኪና በአዲሱ ቁመቷ ቀጥ ብላ ቆመች። «አሁንስ?»

ቀያሹ አጎንብሶ አየ። «ቀጥ አለ።»

«ላስቲክ የታሰረበትን ቁመት አይረሳም። የታሰረው መኪናዋ በእግሯ ቆማ ሳለ ነው፤ ጋሽ ቀስበል እንደ ልማዱ። የቀኙን ፕላስቲክም መልሶ ገጥሞታል። የቀረው የግራው ፕላስቲክ ብቻ ነበር። ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው የጨረሰውን ሥራ አፍርሶ፣ ጎማ አውልቆ፣ ያሰረውን ብሎን እንደገና ሊያጠብቅ መፍቻ ይዞ ከሥሯ አይተኛም። መኪናዋን እንደገና ያነሳት ሌላ ሰው ነው። እማማ ያን ክሪክ ሰምተውታል፤ ከልቅሶው በኋላ።»



«ማን? ቀያሹ መኪና ይነዳል እንጂ የትኛው መፍቻ ለየትኛው ብሎን እንደሚሆን አያውቅም። እማማም አያውቁም። መፍቻው ግን ለብራቾው ብሎን ልክ የሆነው ቁጥር ነው። መካኒክ ነው ያስያዘው። ግን ጋሽ ቀስበልን የሰማ መካኒክ አይደለም። ተንጠልጥላ ሳለች ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ፣ ሲነገረው የሚስቅ መካኒክ ነው። የራሱን አሠራር ለሟቹ አለበሰው።»

ሚስቲቱ ዞራ ወንድሟን አየችው። «ምን ትላለች ይቺ?»

«እኔ… ዝም ብላ…»

«ምክንያቱንም ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ቀስበል ያን የግራ ፕላስቲክ ሊመልስ እጁን ሲሰድ ከደረቀው ጭቃ ውስጥ ደወል አወጣ። በገዛ እጁ የሠራውን። ልጅቷ የተገጨች ዕለት ጠፍቶ፣ ቦይ ለቦይ በጉልበቱ እየዳኸ የፈለገውን። ያን ሰሞን ቀያሹ ሆስፒታል ነበር፤ መኪናዋ ለፍሬን እዚህ ነበረች። ባለቤትዎና እርስዎ ቤት ሆናችሁ ልጃችሁን ስትጠብቁ፣ ፍሬኑን ሊሞክር መኪናዋን ይዞ የወጣ አንድ ሰው ብቻ አለ። የተሰበረውን መብራት በአዲስ የለወጠውም እሱ ነው። ጋሽ ቀስበልም ደወሉን ይዞ የጠራው እሱን ነው። አንተ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

ቱርቦ እጁን አወጣ። መዳፉ ላይ የነሐስ ደወል አለ፤ እንዳይጮህ ውስጡ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል።

«ልጥለው ነበር» አለ። «ወንዝ ድረስ ሄጄ ነበር። አልቻልኩም። የሷ ነዋ።» እየተንሸራተተ መሬት ተቀመጠ። «ለፖሊስ እናገራለሁ አለኝ። መጀመሪያ ለእህትህ ራስህ ንገራት፣ ከዚያ እኔ ለፖሊስ አለኝ። የክሪኩን ብረት አነሳሁ። ፖሊሱን ፈርቼ አይደለም። ላንቺ መናገሩን ነው የፈራሁት።»

እህቱ ተነስታ መጣች። ደወሉን ከመዳፉ ላይ ወሰደችና አገላብጣ አየችው። ልብስ ሰፊዋ ስቅ ስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ያን ቀን» አለች እህቱ፣ «ደወሏን ደውላ ነበር?»

ቱርቦ ፊቱን በጉልበቱ መሐል ቀበረ።

«ደውላ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«ደውላ ነበር። ሰምቻታለሁ። አልፋታለሁ ብዬ ነው።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አነሳው፤ ቀያሹ በሌላው ጎን ደገፈው። ሦስቱም ወጡ። ሚስቲቱ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«አልተወኝም ማለት ነው?»

«አልተዉዎትም። ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። ደወሉን ይዘውልዎት ወደ ቤት ሊመጡ ነበር።»

ሚስቲቱ ጨርቁን ከደወሉ ውስጥ መዘዘችው። ወደ ግድግዳው ሄዳ ደወሉን ባዶው ቦታ ላይ ገጠመችና ብሎኑን በጣቶቿ አዞረችው። ግማሽ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ቀና ብላ የተሰቀለውን ብስክሌት አየች።

«አውርጂልኝ፣ እህቴ» አለች። «መጀመሪያ መሬት ይርገጥ። ከዚያ ነው የማጠብቀው።»