ፋኑ ዝም ሲል

ብታምኑኝም ባታምኑኝም እናንተው ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን የማወራችሁ በገዛ ቤቴ የሆነውን ነው።

ከሚሴ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፤ ዙህር ተሰግዶ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ተሸሽጓል። ጨለማ የለ፣ ምን የለ... ጠራራ ፀሐይ።

ወንድሜ ሙስዐብ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። በመኪና አደጋ ሲሞት ላፕቶፑም ሥራውም ለእኔ ተረፈ።

የታመመችው እናታችንም ለእኔው ተረፈች።

ያን ቀን የጨፋ ሰዎች ሰርግ ነበር የያዝኩት። ቪዲዮ ሲበዛበት ላፕቶፑ ይግላል፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ ይጮኻል። የእማ ልብ ደግሞ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ እረፍት ካላገኘች አትቆይም ብሎኛል። ስለዚህ ፓወር ኦፕሽን የሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ፍጥነት ከመቶ ፐርሰንት ወደ ስልሳ አወረድኩት። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳላ።

ፋኑ ዝም አለ።

"ምን አደረግሽው?" አለች እማ ከመኝታዋ።

"ምኑን?"

"ኢልማ ኮን... አሁን ይተነፍስ ነበር እኮ።"

ልጄን ማለቷ ነው። ሙስዐብን የምትጠራው በኦሮምኛ አቆላምጣ ነው። እኔ ሪሀና የሚባል ስም አለኝ፤ ለእሷ ግን "አንቺ" ነኝ። ገላዋን የማጥብላት እኔ፣ የማጎርሳት እኔ...

"እማ፣ ፋኑ ነው" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ላፕቶፑን ስከፍተው ፋኑ ጮኸ። ቁጥሩን አየሁት።

መቶ።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ከአልጋ የማትነሳው እናቴ ብቻ ነን።

ወደ ስልሳ መለስኩት። እያየሁት... ምንም ሳልነካ መቶ ሆነ።

"ተይው" አለች እማ በሹክሹክታ። "አታፍኚው።"

ያኔ ዞር ብዬ አየኋት።

ፋኑ ከፍ ሲል ደረቷ ይነሳል። ዝቅ ሲል ይወርዳል። ፋኑ እየፈጠነ ነበር... እሷም እየፈጠነች። ያ ልብ ይህን ሩጫ እንደማይችለው አውቃለሁ።

ቁጥሩን አምስት አደረግኩት።

አልተመለሰም።

ፋኑ ቀስ እያለ ቆመ። የእማም ትንፋሽ ረጋ። እፎይ አልኩ።

ዓይኗን ገልጣ ትኩር ብላ አየችኝ።

"አንቺ... ከሞተም በኋላ ቀናሽበት?"

ከዚያ በኋላ አልተነፈሰችም።

ወላሂ፣ ላድናት ነበር። ማን ያምነኛል?

ለቀስተኛው ሲበተን ባትሪውን አውጥቼ ላፕቶፑን ሙስዐብ ክፍል ቆለፍኩበት።

አሁን ስምንት ሰዓት ሲሆን ከዚያ ክፍል ትንፋሽ ይሰማኛል። አንዱ ፈጣን ነው። ሌላው የደከመ፣ የማውቀው።

"ኢልማ ኮ..." ይላል።

በሩን ስከፍት ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ስዘጋው ይቀጥላሉ።