ነጭ የለበሱ መጻሕፍት

መርማሪዋ ሳሎኑ በር ላይ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። የጥርስ ሐኪሙ በሆዳቸው ተደፍተዋል፤ ትልቁ የመጻሕፍት መደርደሪያ ከወገባቸው በላይ ተጭኗቸዋል። ወለሉ ላይ የተበተኑት መጻሕፍት በሙሉ ነጭ ወረቀት የለበሱ ስለነበሩ አንዱ ከሌላው አይለይም።

«ይሄ እንኳ የሚያለፋ አይደለም» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን። «መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በብሎን አልታሰረም። ተንዶ ጨረሳቸው። የሚጠየቀው ቤቱን የሚያስጌጠው አስዋቢ ነው።»

የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ ብዙ አሳልፋ ጥቂት ታስቀራለች። አሁንም ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው።

«መደርደሪያ የሚያስተካክል ሰው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አይደለም እንዴ የሚያዞረው?»

«ሊሸሽ ዞሮ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለች፤ ግን ድምፅዋ እሺ ያለ አይመስልም። ከመጻሕፍቱ መካከል መጽሐፍ ደግፈው የሚያቆሙ ሁለት የብረት ፈረሶች ወድቀዋል። አንዱን አንሥታ ከሥሩ የተለጠፈውን ስስ ጨርቅ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። የሁለተኛው ጨርቅ ግን ሲዳሰስ ርጥብ ነበር። ርጥቡን ብረት ለሳጅኑ አቀበለችውና ወደ መጻሕፍቱ ዞረች።

አብዛኞቹ እንደ ተመታ ወፍ ክንፋቸውን ዘርግተው በአፍጢማቸው ተደፍተዋል፤ ገጻቸው ታጥፏል፣ ልብሳቸው ተቀዷል። ከሶፋው ሥር ግን፣ መደርደሪያው ሲወድቅ ሊደርስበት ከሚችለው ራቅ ብሎ፣ ጥቂት ቀጫጭን መጻሕፍት ተከድነው በጀርባቸው ተጋድመዋል። አንዱን ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የሴት ስም ሰፍሯል። ሌላውን ገለጠች፤ ያው ስም። ሦስተኛውም እንዲሁ።

«የማን ስም ነው?»

«የሟች ሚስታቸው» አለ ሳጅኑ። «አስተማሪ ነበሩ አሉ።»

የቤቱ ሰዎች በየተራ ወደ ምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ ተጠሩ። አስቀድሞ የገባው አስዋቢው ነበር፤ ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ቢጠርገውም አልደርቅ ብሎታል።

«እመቤቴ፣ እኔ ብሎኑን ሳላስር አትነካኩት ብዬ ነው የወጣሁት! የመሰርሰሪያው ጫፍ ተሰብሮብኝ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ደጁ ላይ ጩኸት ጠበቀኝ።»

«ይህን ሁሉ ነጭ ማልበስ የማን ሐሳብ ነው?»

«የዶክተር እጮኛ። ሳሎኑ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው አሉ። እኔ ወረቀቱን እቆርጣለሁ፣ የሟች ሚስታቸው እህት እቴቴ ያለብሳሉ። ውለን አደርንበት።» ግንባሩን ደግሞ ጠረገ። «ከዚያ መደርደሪያው ታጨቀ። መጽሐፍ መተንፈሻ ይፈልጋል፤ መሐል መሐሉን ክፍት ትተው አበባ፣ የሸክላ ዕቃ ያስቀምጡበታል። ለዶክተር ስነግራቸው፣ ‹እንግዲያው ቀጭን ቀጭኑ ይውጣ› ብለው ካርቶን ውስጥ ይከቱ ጀመር። ስወጣ እዚያው ላይ ነበሩ።»

«ስትደረድር ከባዱን የት ታደርጋለህ?»

«ከሥር ነዋ! ከባድ ከታች፣ ቀላል ከላይ። አለዚያ በአፍጢሙ ይደፋል።»

እጮኛዪቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አንደበቷ ግን የተሳለ ነው። «መኝታ ቤት መጋረጃ እየለካሁ ነበር። ዷ ሲል ሮጥኩ። ልጃቸውን ጠይቁ! መጥቶ አባቱ ላይ ጮኾ ወጣ። ‹የእናቴ አፈር ሳይደርቅ› አላቸው። አፈሩ ከደረቀ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ልጁም አልካደም። ከሥራው ከተማ ድረስ የመጣው ለጠብ ነው። «ተጣልተናል። ወጥቼ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ልመለስ ወይስ ልሂድ እያልኩ ሳለ ነው ድምፁን የሰማሁት።»

«መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ያየ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለና ጭንቅላቱን ደፋ።

መጨረሻ የገቡት የሟች ሚስት ታናሽ እህት ነበሩ። ቤቱ ሁሉ «እቴቴ» ይላቸዋል። እህታቸው ከታመሙ ጊዜ ጀምሮ ቤቱን የያዙት፣ ልጁንም ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ውኃ ጠጥቶ ተጨማዷል።

«ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር፣ ልጄ። ቤቱ የተናደ መሰለኝ። ስደርስ ሁሉም ቀድመውኛል።»

«ከዶክተር ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አብሮ የኖረ ሰው ምን ይላል? ክፉም ደግም አሳልፈናል።»

መርማሪዋ አመስግና ሸኘቻቸውና ኩሽናውን ልታይ ገባች። ከጓሮው በር ኋላ አንድ ካርቶን ተጨፍልቆ ቆሟል።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እጮኛዪቱ ከልጁ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ አስዋቢው መቀመጫ ጠፍቶት ቆመ። እቴቴ ሶፋው ጠርዝ ላይ ሆነው የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«ይህ መደርደሪያ ራሱ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ከባዱ ከሥር ነው። ካልጎተቱት አይወድቅም። ደግሞም ዶክተሩን የገደለው እሱ አይደለም። ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ታጥቧል፤ ጨርቁ ገና አልደረቀም። ማጅራታቸውን ተመትተው ከወደቁ በኋላ ነው መደርደሪያው የተጫነባቸው።»

«ታዲያ ሰው ገድሏቸዋል ነው የሚሉት?» አለች እጮኛዪቱ፤ ልጁን በዓይኗ ወጋችው።

«አዎ። ካርቶኑም ይመሰክራል። አስዋቢው ሲወጣ ቀጫጭኑ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ ነበሩ። አሁን ወለሉ ላይ ናቸው፤ ካርቶኑ ከኩሽናው የጓሮ በር ኋላ። ገዳዩ በካርቶኑ የተነሣ ጠብ እንደነበር እንዲታወቅ አልፈለገም። የሕክምና መጽሔቱን፣ አሮጌውን መማሪያ ዘረገፈው፤ ከነሱ ጋር ተቀላቅለው የነበሩትን የሟች ባለቤታቸውን መጻሕፍት ግን መወርወር አልቻለም። አንድ በአንድ ለይቶ፣ ከድኖ፣ ከሶፋው ሥር አስተኛቸው።»

«ይኸው!» ብላ እጮኛዪቱ ተነሣች። «ለእናቱ የሚሳሳ ማን ነው?»

ልጁ አመዱ ቡን አለ። መርማሪዋ ሁለት ቀጫጭን ነጭ መጻሕፍት ወደ እሱ ዘረጋች። «ሳትገልጥ ንገረኝ። የእናትህ የትኛው ነው?»

አገላበጣቸው፤ መዘናቸው፤ አሸተታቸው ጭምር። «አላውቅም» አለ፤ ማልቀስ ብቻ ነው የቀረው።

ለእጮኛዪቱ ሰጠች፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። አስዋቢው፣ «ለእኔ ሁሉም ወረቀት ነው» አለ።

ከዚያ መጻሕፍቱን እቴቴ ጉልበት ላይ አኖረቻቸው። እቴቴ ዓይናቸው በር በሩን ያያል፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ግን ሳያዝዙት ከአንደኛው መጽሐፍ ልባስ ውስጠኛ ማዕዘን ገባና ተደርባ የታጠፈችውን ወረቀት አገኘ። እዚያው ቀረ።

«የእህትዎን መጻሕፍት ማዕዘናቸውን ደርበው አጥፈውላቸዋል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ከሶፋው ሥር ያሉት ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ የተወረወሩት አንዱም እንዲያ አይደለም። ሁሉም ነገር ነጭ በሆነበት ቤት፣ በዚያ ጥድፊያ እነሱን ሳይገልጥ የሚለይ ካለበሳቸው በቀር ማንም የለም።»

እቴቴ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጠፉ።

«አውጣልኝና ክፍሌ ላስቀምጣቸው አልኩት። ቦታም አይይዙብህም አልኩት። ለምኜዋለሁ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «‹የሞተ ሰው ቤቴን አይጋራኝም፤ ቆሻሻው መኪና ሲመጣ ስጪው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ልወለውለው ይዤው ነበር እኮ... ከዚያ ወደቀ። ስጠራው አልሰማኝም።»

እጮኛዪቱ አፏን በእጇ ከደነች። አስዋቢው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሳጅኑ ሊይዛቸው ሲነሣ መርማሪዋ በእጇ አቆመችው። ልጁ ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ነበር።

«እቴቴ፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ? መጥቼ እወስዳቸው ነበር። ለምን አልደወልሽልኝም?»

እቴቴ ራሱን ዳሰሱት።

«ደውዬልህ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አባትህ ካርቶኑን ሲያነሣ ደወልኩልህ። በር ላይ ነበርክ። አላነሣህም።»