ከራስጌው የጠፋው ጫማ

ሰገነት በሩን ስትከፍት አያ ወልደ ሐዋርያትን በረንዳው ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። ሌሊቱን ከሐይቁ በኩል የመጣው ዝናብ ሲሚንቶውን አጥቦት ገና ማባራቱ ነው። «አያ፣ ነግቷል እኮ» አለቻቸው። ብርድ ልብሱን ከፊታቸው ገለጥ ስታደርገው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ልጆቿ እንዳያዩ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።

ሽማግሌው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከቆላ ድባ ባሕር ዳር መጥተው፣ ቀን እጃቸውን ዘርግተው ያገኙትን ቀምሰው፣ ማታ እዚያ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሰው ነበሩ። በሌላኛው ጫፍ ድርቅ ከወሎ ያፈናቀላት ሐሊማ ከሚጠባ ልጇ ጋር ታድራለች። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ስለተባለ ቀበሌው በየበረንዳው የሚያድሩትን ከዓይን ለማራቅ ላይ ታች ይል ነበር።

ከፖሊስ ቀድሞ የደረሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር መርስዔ ኀዘን ነው። ከሐሊማ አጠገብ አንድ ሰማያዊ ሳህን አነሣና ምርመራውን እዚያው ጨረሰው። ሴትዮዋ ማታ ሳህን ይዛ ወደ ሽማግሌው ስትሄድ ታይታለች፤ በቦታም ይጣሉ ነበር፤ ስለዚህ መርዛቸዋለች። የቀበሌው ጠባቂ አበራ ሐሊማን ከነልጇ ይዟት ሄደ። ከቀትር በኋላ ወህኒ ትወርዳለች፣ የቀሩት በረንዳ አዳሪዎችም በመኪና ተጭነው ከከተማ ይወጣሉ ተባለ።

ሰገነት ሳህኑን አወቀችው። የራሷ ሳህን ነው። ውስጡ የነበረውን የሽምብራ ንፍሮ ቀቅላ «ለአያ አድርሽልኝ» ብላ ለሐሊማ የሰጠቻት እሷ ናት። ባሏ ኤርትራ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። «የኔ ነው» ብትል ልጆቿን ማን ይይዝላታል?

ከፖሊስ የመጣው መቶ አለቃ ደሞዝ መንገድ እንደጠፋው ሰው ቀስ ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ ነበር። ቁጢጥ ብሎ ብርድ ልብሱን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። እጁን ከሬሳው ሥር ሰደደ፤ ሲሚንቶው ርጥብ ነው። ልብሳቸውን አሸተተና ፊቱን ዘወር አደረገ። ከዚያ የሽማግሌውን በረባሶ ብዙ ተመለከተው። ከግርጌያቸው፣ ጎን ለጎን ገጥሞ፣ ጫፉ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀምጧል።

«ነጭ ሽንኩርት ይወዱ ነበር?» ሲል ሰገነትን ጠየቃት።

«ሽንኩርቱን ከየት አምጥተው፣ ጌታዬ?»

በረንዳውን የሚጋራት የሻይ ቤቱ ባለቤት ሙሀመድአወል ነው። ማታ ማታ ሰው እንዳይተኛበት በበኩሉ ባለው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ይደፋል። ደሞዝ ይህን ሲያነሣበት አልካደም።

«ውሃ ደፍቻለሁ፤ ሰው ግን አልደፋሁም፣ ወላሂ።»

ሻይ ቤቱን ሲዘጋ በረንዳው ላይ ያየው ሐሊማንና ልጇን ብቻ እንደሆነ፣ ሽማግሌው ወዴት እንደሄዱ ግን እንደማያውቅ ተናገረ።

ሰገነት ለሕፃኑ አጥሚት ይዛ ቀበሌ ስትደርስ መርማሪው ቀድሟት ነበር። ሐሊማ ወለሉ ላይ ጋደም ብላለች። የላስቲክ ጫማዋን ከራሷ ሥር አድርጋዋለች።

«ጠባቂ ባለበት ቤት ጫማሽን ማን ይወስድብሻል?» አላት ደሞዝ።

«ልማድ ነው፣ ጌታዬ። ውጭ የሚያድር ሰው ጫማውን ካልተንተራሰ ሲነጋ ባዶ እግሩን ነው።»

ስለ ሳህኑ ሲጠይቃት ግን ሰገነትን አየት አድርጋ አቀረቀረች።

የጠባቂው የአበራ ክፍል እዚያው ጎን ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። ደሞዝ ውሃ ለመነው። አበራ ሊቀዳ ዞር ሲል መርማሪው አልጋውን አየ፤ ዓይኑን ተከትላ ሰገነትም አየች። ፍራሹ ራቁቱን ነው። ከአልጋው ግርጌ ቡትስ ጫማ ጎን ለጎን ገጥሞ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጎ ቆሟል።

«የት ነው የሠለጠንኸው?» አለው ደሞዝ ውሃውን ሲቀበል።

«ታጠቅ ጦር ሰፈር፣ ጌታዬ።»

ከቀትር በፊት ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ደሞዝ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና የማን እንደሆነ ጠየቀ። ሰገነት በሐሊማ እቅፍ ውስጥ ያለውን ሕፃን አየች፤ የራሷን ልጆች አሰበች፤ ተነሣች።

«የኔ ነው። ንፍሮውንም የቀቀልሁት እኔ ነኝ። ልጆቼም ከዚያው በልተዋል።»

መርስዔ ኀዘን ሊናገር ሲል ደሞዝ በእጁ ገታውና ወደ ሐሊማ ዞረ። «እንግዲህ አትፍሪ። ንፍሮውን ማን በላው?»

«እኔ። አያን አጣኋቸው፤ ብጠብቅም አልመጡም። ጡቴ ደርቆ ነበር። የሰው ድርሻ በላሁ ማለት አሳፈረኝ። ሌሊት እንቅልፍ ወስዶኝ ሲመለሱ አላየኋቸውም።»

«መርዙ ንፍሮው ውስጥ ቢሆን ይህች ሴት አሁን አታወራንም ነበር» አለ ደሞዝ። «ሽማግሌው ማታ በረንዳው ላይ አልነበሩም። የለበሱት ብርድ ልብስ ደረቅ ነው፣ ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ ርጥብ። ስለዚህ ሬሳቸው የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ያመጣቸው በረንዳ አዳሪ አይደለም፤ በረንዳ አዳሪ ጫማውን ከራስጌ እንጂ ከግርጌ አያደርግም። ሙሀመድአወልም በየማታው የሚያባርራቸው ሰዎች እንዴት እንደሚተኙ ያውቃል፤ ሊያስመስል ቢፈልግ አይሳሳትም። ጫማ ገጥሞ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጎ ከግርጌ ማቆም የጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። ዛሬ እንዲያ የቆመ ጫማ ያየሁት አንድ አልጋ ሥር ነው። ያ አልጋ ደግሞ ብርድ ልብስ የለውም።»

አበራ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እንደ ሰው ላስተኛቸው ብዬ ነው» አለ። እንግዶቹ እስኪሄዱ በረንዳ አዳሪዎቹን በቀበሌው ኅብረት ሱቅ የእህል መጋዘን እንዲዘጋባቸው ታዝዞ ነበር። አመሻሽ ላይ ሽማግሌውን ከሚለምኑበት መንገድ ወስዶ አስገባ፤ ጎህ ሲቀድ ሲከፍት ሞተዋል። ሲናገር «ከነበሩበት መልሳቸው» ተባለ።

«ስትዘጋባቸው ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። ‹ልጄ፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚሸተው?› አሉኝ። የእህል ነው አልኋቸው።»

«የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለ ደሞዝ። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። በተዘጋ ቤት አብሮት ያደረ ሰው አይነቃም። ትናንት እህሉ ውስጥ የጨመረው ማን ነው?»

አበራ ወደ ሊቀ መንበሩ አየ። «እኔ አልነበርሁም። ቁልፉን የሰጡኝም፣ ‹መልሳቸው› ያሉኝም ጓድ መርስዔ ኀዘን ናቸው። መድኃኒት መኖሩን አልነገሩኝም።»

መርስዔ ኀዘን አንገቱን ደፋ። «ከተማው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ተባልን» አለ። «ለአንድ ሌሊት ያን ያህል ይጎዳል አላልሁም።»

«ሐሊማንም እንዲያስገባት አዝዘው ነበር?»

የመለሰው አበራ ነው። «አዝዘው ነበር። በኋላ ስሄድ እሷም ሕፃኑም እንቅልፍ ወስዷቸው ስላየሁ ተውኋት።»

ሐሊማ ልጇን አጥብቃ ያዘችው።

ያን ቀን ሐሊማ ተለቀቀች፤ መኪናውም አልመጣም። ሲመሽ ደመናው ከጣና ተነሣ። ሙሀመድአወል ባልዲውን ሳያነሣ ሰሌን ይዞ ወጣና ሻይ ቤቱ ውስጥ ለሚተኛ ሰው ቦታ እንዳለ፣ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። ሰገነት ግን በሯን ከፍታ ቆማ ነበር።

«ግቢ» አለቻት ሐሊማን።

«ቀበሌው ቢቆጣዎትስ፣ እትዬ?»

«ይቆጣ።»

ፍራሽ ዘርግታ ትራስ ሰጠቻት። ሐሊማ ትራሱን ለልጇ አደረገችለትና ጫማዋን ከራሷ ሥር ከታ ተጋደመች። ሰገነት አይታ እንዳላየች ሆነች። ኩራዙን ዝቅ አድርጋ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው፤ ቁልፉን ግን ከሐሊማ ጎን አኖረችው።