ሽታ የጠፋበት አፍንጫ

መካኒኩ ታደሰ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው የማሽላ ማከማቻ ክፍል ሞቶ የተገኘው ውጊያው መርሳ ከተማን ካለፈ በኋላ፣ በ2014 ታኅሣሥ ነው። ወባ ይዞት ቀን ቀን እዚያ ይተኛ ነበር። ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ናጅዋ ፍራሹን ስትገልጥ አመድ የመሰለ ዱቄት አገኘች፤ የነቀዝ ክኒን ተንኖ ሲያልቅ የሚተወው ነው። ጋዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሥራ ባልደረባው ሮቤል። «ጋቢ አለበስኩትና እንዳይበርደው ዘጋሁት። ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ሽታ የሚባል አላውቅም። ቢሸተኝማ ተሸክሜ ባወጣሁት ነበር!»

ሬሳውን ያገኙት ወተት ይዘው የመጡት ጎረቤቱ አብዱልጀሊል ናቸው። «ወላሂ፣ ገና በሩን ስከፍት ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ክርፋት ወደ ኋላ መለሰኝ» አሉ። «ክኒኑን ለማሽላው ብዬ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። መደርደሪያው ላይ ነበር የተውኩት።»

ወፍጮ ቤት የዋለችው የታደሰ ሚስት ታደለች ለብቻዋ ስትጠየቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ወባው ሲለቀኝ ስለ አማን ለጋሽ አብዱልጀሊል የምነግራቸው አለኝ› ይል ነበር።» አማን ከተማዋ በተያዘች ሰሞን ታጣቂዎች ከቤቱ የወሰዱት የአብዱልጀሊል ልጅ ነው።

«ሲናገር ማን ሰማ?»

«እኔና ሮቤል።»

ናጅዋ ሮቤልን ልታምነው ዳድቷት ነበር፤ እሷንም ኮሮና ሽታ ነስቷታል። ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ዛሬም ታለቅሳለች። ይህን ስታስብ ከጤና ጣቢያ አሞኒያ አስመጣች።

ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰብስባ አሞኒያ የነካ ጥጥ ሮቤል አፍንጫ ሥር አስጠጋች።

«ምን ይሰማሃል?»

«ምንም» አለ። ዓይኖቹ ግን እንባ አቀረሩ።

«እኔም ሽታ የለኝም፤ ይሄ ግን አናቴን ይበሳዋል» አለች ናጅዋ። «የአፍንጫችን ሽፋን ሴሎች ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሏቸው። ሽታ ሲመጣ በሮቹ ይከፈቱና ወደ አንጎል መልእክት ይሄዳል። ኮሮና የሚያውከው ያንን መንገድ ነው። የሚያቃጥል ነገር ግን በሌላ በር፣ በሌላ ነርቭ ይገባል። እውነት ሽታ የጠፋበት ሰው ‹አቃጠለኝ› ይላል፤ የሚያስመስል ነው ‹ምንም› የሚል።»

ሮቤል ጥጡን ገፋው።

«ስለዚህ እየሸተተህ ነው የዘጋኸው። ክኒኑን ፍራሹ ሥር ያስገባኸውም አንተ ነህ። ታደሰ ስለ አማን ሊናገር መሆኑን ከሚስቱ ሌላ የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ፤ አማንን ለታጣቂዎቹ ስትጠቁም አይቶሃል።»

«ሰው ካላሳየህ እንገድልሃለን አሉኝ!» ብሎ ሮቤል መሬት ላይ ዘፍ አለ። «ታደሰ ሊናገር ነበር… ምን ላድርግ?»

አብዱልጀሊል ወደ ሮቤል ጎንበስ አሉ።

«ልጄን የት ጣሉት?»

«ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ… ከድልድዩ በታች።»

ሽማግሌው ከጥግ አካፋ አንሥተው ወጡ። ታደለች ነጠላዋን አገልድማ ሁለተኛውን አካፋ ያዘችና ተከተለቻቸው።