ፈንድቶ የማያልቀው ግድግዳ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ረቡዕ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የባቡር ዋሻ እየቆፈርን ከመግቢያው ስምንት መቶ ሜትር ገብተናል።

ጂኦሎጂስት ነኝ። በየቀኑ ድማሚቱ ፈንድቶ ጭሱ ሲጠራ፣ አዲስ የተገለጠውን ግድግዳ በመዶሻ እየመታሁ፣ ስንጥቆቹን በወረቀት እየሳልኩ ለድንጋዩ ደረጃ አወጣለሁ። ጥሩ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ያኔ ሠራተኛው ሳይሰጋ ይገባል። መጥፎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጣሪያው በብረት ቅስት መደገፍ አለበት።

እኔ ከተሳሳትኩ ሰው ይቀበራል። በቃ፣ ሥራዬ ይኼው ነው።

የዚያን ቀን አለቃችን ስዕሌን አየና ወረቀቱን ፊቴ ላይ ወረወረው። ሠራተኛው ከጀርባው «ቶሎ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል።

«ይኼ የትናንቱ ነው! ቁጭ ብለህ ትገለብጥልኛለህ?»

«አልገለበጥኩም።»

«የሰኞውም ያው ነው!»

እውነቱን ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው... ያው አሥራ አንድ ስንጥቅ፣ ያው ቦታ።

ግን እኮ በየቀኑ ሦስት ሜትር ድንጋይ አፈንድተን አውጥተናል!

እሱ፣ እኔና የሠራተኞቹ ኃላፊ የሆነው ፎርማን ወደ ግድግዳው ተመለስን። ስምንቱ ሠራተኞች ከኋላችን ቆመው ይጠብቃሉ።

ባትሪዬን አበራሁ። ግድግዳው ላይ ቅድም ስስል ያላየሁት፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ...

የእኔ ጽሕፈት ነው። ትናንት የጻፍኩት። የጻፍኩበት ድንጋይ ግን ፈንድቶ በገልባጭ መኪና ወጥቷል።

ፎርማኑ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ዝም በል... ልጆቹ እንዳይሰሙ።»

ድንጋዩን በእጄ ነካሁት። ይሞቃል። ከስንጥቁ የሚወጣው ውኃ ደግሞ ወደ ታች አይወርድም... ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

«ቅስት ሳይቆም ማንም አይገባም» አልኩ።

«ጥሩ ነው ብለህ ፈርም» አለኝ አለቃችን።

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው ጓዝህን ጠቅልል! ፈሪ፣ የፈሪ ዘር!» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ግቡ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ፎርማኑ እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ።

አለቃችን ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው። መዶሻዬን ነጠቀኝና ብቻውን ሄደ። ግድግዳውን ሁለቴ መታው።

«ሰማችሁ? እንደ ደወል ነው የሚጮኸው! እንደ ደ...»

ድንጋይ አልወደቀም። አቧራ አልተነሣም።

ሰውዬው ግን የለም።

እየተንፏቀቅኩ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

ምስማር እንኳ በማያስገባ ስንጥቅ ውስጥ የራስ ቁሩ መብራት ይታያል። በርቷል።

ሰው ሲራመድ እንደሚወዛወዘው እየተወዛወዘ... ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል።